አባቴ ድስት የጣዱበት ጾም

የካቲት 25 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ አባቴ ወጥ ቤት ገብተው የሽሮ ድስት ጣዱ።

ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት ነው፤ እኔ አርባ አራት። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ አባቴ ድስት ሲጥዱ አይቼ አላውቅም። እናቴን ጠየቅኋት፤ እሷም በአርባ ስምንት ዓመት ትዳር አላየችም። ስለዚህ ሰዓቱን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ልማድ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የራዲዮ ዘጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አንድ ነገር ሲሆን መጀመሪያ የማየው ሰዓቴን ነው።

ከሰሉ የተያያዘው በአምስተኛው ክብሪት ነው። ማራገቢያው ከበሩ ኋላ እንደሚሰቀል አያውቁም፤ በጡረታ ዶሴያቸው ክዳን አራገቡ። ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ሊከትፉ ቢላዋ አነሡና ቆም ብለው አሰቡ፣ ላጡት። ውኃው ሲፈላ የሽሮውን ዱቄት በአንድ ጊዜ ገለበጡበት። እንዲህ የተደረገ ሽሮ ምን እንደሚሆን ወጥ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ጓጎለ። አባቴ የጓጎለውን በማማሰያው ጀርባ እየደፈጠጡ ዓይናቸውን ከጭሱ ያሸሻሉ።

እናቴን የምታስታምም ሴት በሩ ላይ ቆማለች። ከአይከል አካባቢ የመጣች፣ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ምነው አያ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም።»

«እንግዲያ ምነው ድስቴን ቀሙኝ? ሰው ቢሰማ በቁሟ ተሻረች አይለኝም?»

«አንቺ የራስሽን ሥራ ሥሪ።»

«ይኸ አይደል እንዴ የራሴ ሥራ!»

አባቴ እንጀራ አውጥተው ቆመው በሉ። ጓጉሉንም በሉት። ሳህኑን ወስደው በቀዝቃዛ ውኃ አጠቡ፤ ሳሙና እንዳለ የነገራቸው የለም። ከዚያ ወጥተው ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ሴትዮዋ ድስቱን አዘንብላ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። «ይኸንንስ ከብትም አይበላው» አለች። «እኒህ ሰውዬ ምን ሆኑ?»

እኔም ማወቅ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን መጀመሪያ ማስቀመጥ አለብኝ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ይዛባል። የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረዋል፤ ጉቦ በሉ ሲባል አልሰማሁም። አይጠጡም። እጃቸውን አንሥተውብን አያውቁም። ነገር ግን ቤታችን ከመጀመሪያው የተሠራው ለእሳቸው ነበር። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው። ዜና ሲሰሙ ሕፃን አያለቅስም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ስናድግ በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሰማነው ቃል «አምጡ» የሚል ነበር። ውኃ አምጡ፣ ጫማዬን አምጡ፣ መነጽሬን አምጡ፣ ያንን ራዲዮ አምጡልኝ። ራዲዮው አንድ ክንድ ይርቃል።

ጾማቸው ግን በቁስቋም ሰፈር የተመሰከረለት ነው። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮው ትኩስ፣ ሱፍ ፍትፍቱ የተበጠበጠ፣ ተልባው ለብቻው፣ ጎመኑ ለብቻው ሆኖ መቅረብ አለበት፤ አንዱ ቢጎድል «ጾመኛ ሰው እንዲህ ነው የሚያዝ?» ይላሉ። እናቴም ትጾም ነበር። እሷ የምትበላው እሳቸው በልተው ከተነሡ በኋላ ነው። የአባቴ ጾም ብዙ ሥራ ነበረው፤ ሥራው የእኛ ነበር። ይህን የተገነዘብኩት ግን አሁን በዚህ ዓመት ነው። በልጅነቴ ጾም ማለት እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

አሁን የእናቴ ነገር። ባለፈው ኅዳር ስትሮክ መታት። የቀኝ ጎኗ አይታዘዝም። ንግግሯ ዘግይቷል፤ ምላሷ ግን አልዶለዶመም። ከሆስፒታል ስትወጣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ ተባልን። ሴትዮዋ እቤታችን እያደረች ይህን ስትሠራ ቆየች። ነገር ግን ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለትንሣኤ ወደ አይከል ተመልሳ ልታርሳት ግድ ነው። እኔ እዚሁ ከተማ ፒያሳ አካባቢ በኪራይ ቤት ነው የምኖረው፤ ጠዋትና ከሥራ በኋላ እመጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለሥራ ወደ ገጠር እወጣለሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ደውሎ ቁርጡን ነገረኝ።

«እቴ፣ አባባ እንደሆነ አንድ ብርጭቆ ውኃ ለራሳቸው አይቀዱም። ከትንሣኤ በኋላ እመጣና እወስዳታለሁ። ይለወጣሉ ካልሽ ግን አይተሽ አንቺ ንገሪኝ። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

እናቴ መሄድ አትፈልግም። ቤቷ እዚህ ነው፣ ደብሯ እዚህ ነው፣ ዕድሯ እዚህ ነው። ወንድሜ ሲነግራት ግራ እጇን አንሥታ «ቦርሳ ነኝ እንዴ ከዚህ አንሥተህ እዚያ የምታስቀምጠኝ?» አለችው። ስልኩን ስትዘጋ ግን አለቀሰች። እንግዲህ እናቴ በቤቷ መኖር አለመኖሯ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፤ ጥያቄው ስለ እሷ ሳይሆን ስለ አባቴ ነው። እኒህ ሰውዬ ለሌላ ሰው መነሣት ይችላሉ?

በዚህ መሐል ነው እንግዲህ ድስት የጣዱት። በማግሥቱም ጣዱ። በሦስተኛው ቀን ጫማቸውን ራሳቸው ጠረጉ። «አምጡ» የሚለው ቃል ከቤቱ ጠፋ።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ በሽታ ነበር። ሰው በእርጅናው ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ የአንጎል ሕመም ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜ ለፕሮግራም ስጠይቅ ሰምቻለሁ። ሆስፒታል የምትሠራ ሐኪም ወዳጄ ጋ ሄድኩ።

«መንገድ ይጠፋባቸዋል?»

«አይ።»

«ስም ይረሳሉ?»

«የዛሬ አርባ ዓመት የነበረ ሠራተኛቸውን ስም ከነአባቱ ያስታውሳሉ።»

«ታዲያ ምልክቱ ምንድን ነው?»

«ወጥ ይሠራሉ። ዕቃ ያጥባሉ።»

ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስሚኝ፣ ይኼ በሽታ ከሆነ የሚጋባ እንዲሆን ጸልዪልኝ። ባሌን ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

በሽታውን ሰረዝኩ። የቀረው ሌላ ነበር። ድስቱ ከመጣዱ ሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ፣ የነፍስ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጥተው ነበር። የምሳ ሰዓት ስለነበር የአባቴ ገበታ ቀርቧል፤ እናቴ በጓዳ «ውኃ» ስትል ሴትዮዋ ደግሞ የአባቴን እጅ እያስታጠበች ነበር። ቄሱ ይህን ቆመው እንዳዩ ሴትዮዋ ነገረችኝ። ከዚያ አባቴና ቄሱ ግቢ ወጥተው ከአንድ ሰዓት በላይ ለብቻቸው ተነጋገሩ። የአባቴ ድምፅ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ነበር አለች። ምን እንዳሉ አልሰማችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ይህ ስሕተት እንደሆነ አውቅ ነበር። የነፍስ አባት የሰማውን አይናገርም፤ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ግን ለጥያቄ ምላሽ ባይሰጥም ሲጠየቅ ፊቱ ምን እንደሚሆን ማየት ራሱ መረጃ ነው ብዬ ሄድኩ። ቄሱ ከደብሩ አጠገብ ካለው ፍርስራሽ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጃንጥላቸውን የተሰበረ ዘንግ በሽቦ ያስራሉ። መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ አባቴ ተለውጠዋል።»

«ደግ ነው።»

«ምን እንዳዘዟቸው ማወቅ ፈልጌ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። «ራዲዮ አይደል የምትሠሪ?»

«አዎ።»

«የኔ ሥራ የዚያ ግልባጩ ነው። አንቺ የሰማሽው ለሁሉ ይሰማል። የኔ እዚሁ ይቀበራል። ይችን ሽቦ ያዢልኝ።»

ማስታወሻዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ሽቦውን ያዝኩ።

«እሺ፣ ስለ እሳቸው አይንገሩኝ። በጥቅሉ ልጠይቅዎት። ሰው ንስሐ ገባ የሚባለው መቼ ነው?»

«ሲመለስ።»

«ከምን?»

«ከራሱ።» ሽቦውን አጠበቁት። «ሰው ይመጣና ዋሸሁ፣ ተቆጣሁ፣ ጾም ገደፍሁ ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ቅጠል ይለቅማል እንጂ ግንዱን አይነካም። ግንዱ፣ እኔ ልቅደም የሚለው ነው። እሱ ቆሞ እያለ ቅጠሉ በየክረምቱ ይመለሳል። ሆድ የሚያስርብ ጾም ሞልቷል ልጄ። የሌላውን ሰው እጅ የሚያሳርፍ ጾም ነው ያነሰ።»

«እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«አንቺ በሥራሽ እንዴት ታጣሪያለሽ?»

«ሁለት ምንጭ እፈልጋለሁ። ከዚያ ጊዜ እሰጠዋለሁ።»

«ጊዜ ሸጋ ነው» አሉ። ጃንጥላውን ዘርግተው ወደ ላይ አዩት። «አንቺስ? ንስሐ ከገባሽ ስንት ጊዜሽ?»

«እኔ የመጣሁት ስለ አባቴ ነው፣ አባ።»

«ሁሉም የሚመጣ ስለ ሌላ ሰው ነው» አሉ።

ሁለተኛ ምንጭ ስላላገኘሁ ፈተና ለማድረግ ወሰንኩ። በጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ አባቴ ግቢ ሳሉ መነጽራቸውን ከወንበሩ አጠገብ አንሥቼ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት። እኔ ከቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጬ ጋዜጣ የማነብ መሰልኩ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዳዊታቸውን ገለጡ፣ መነጽሩን በእጃቸው ፈለጉ። ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ ቁም ሣጥኑ ላይ አረፈ። ከዚያ እኔ ላይ። አፋቸው ተከፈተ። አፋቸው ተዘጋ። ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ በርጩማ ስበው ወጡበት፣ አወረዱት። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ሲቀመጡ አላነበቡም።

«እዚያ የሰቀልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ለምን?»

«ለማጣራት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን ሳቁ። የሳቃቸውን ድምፅ ረስቼው ነበር። «ሰባት ሳምንት ነው የተሰጠኝ» አሉ። «እስከ ትንሣኤ በቤቴ ውስጥ ማንንም አምጡልኝ እንዳልል። የምበላውንም በገዛ እጄ እንዳቀርብ። ይኸው ነው። በቃ፣ ጻፊው።»

«ምን አሉዋቸው ሲያዝዙዎት?»

«ተቆጣሁ እንጂ! እኔ ለእኒህ ሰው ኃጢአቴን ስነግር እሳቸው የወጥ ቤት ሥራ ይሰጡኛል? ሦስት መቶ ስግደት ይስጡኝ አልኋቸው። ከፈለጉ አምስት መቶ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ስግደቱንማ ይወዱታል› አሉኝ።» ዳዊቱን ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት። «ሌሊቱን ሙሉ ስናደድ አደርሁ። ጠዋት ሳስበው፣ ስሰግድ ማን እንደሚያየኝ አውቅ ኖሯል። ከስንተኛው ረድፍ እንደሚያዩኝ ሳይቀር።»

ይህን ለእናቴ ስነግራት ብዙም አልተደነቀች። «ቀኖና ቀን አለው» አለች። «ሰባት ሳምንት ያልቃል። ከዚያስ?» ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ቀድሜ አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

ከዚያ በኋላ ግን በቀኖናው ያልተጻፈ ነገር መታየት ጀመረ። ቀኑን በርግጠኝነት አላውቀውም፤ የነገረችኝ ሴትዮዋ ናት። እሷ ልብስ ታጥብ ነበር፤ የማገላበጫው ሰዓት ደረሰ፤ ስትገባ አባቴ አልጋው ላይ አጎንብሰው እጃቸውን ከእናቴ ትከሻ ሥር አስገብተው ቆመዋል፤ አንሥተዋታል፣ ግን ወደየት እንደሚያዞሯት አያውቁም። እናቴ በትከሻቸው ላይ ሆና «አንቱ፣ ወይ አውርዱኝ ወይ አዙሩኝ፤ እንዲህ ሆኜ ትንሣኤ ሊመጣ ነው» ትላቸዋለች። ሴትዮዋ አስተማረቻቸው። ጉልበቷን መጀመሪያ እጠፉ፣ ከዚያ ዳሌዋን ያዙ፣ ከዚያ ትከሻዋን። አባቴ ደረጃውን በወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። የመሥሪያ ቤት ሰው አይደሉ፤ ከግርጌው ፈርመውበታል።

እናቴም አልማረቻቸውም። ትራሱ ጠፍጥፏል፣ መጋረጃው ይከፈት፣ አይ ይዘጋ፣ ሾርባው ጨው አንሶታል። አንድ ቀን «እማዬ፣ አልበዛም?» አልኳት። «አርባ ስምንት ዓመት አመጣሁ» አለች። «ትንሽ ይምጣልኝ።» ነገር ግን ሾርባውን በማንኪያ ሲያጎርሷት ከንፈሯ ዳር የፈሰሰውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉላት ዓይኗን ዘግታ ነበር። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

በቀኖናው ስድስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ አንድ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወረዱ። ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች ተጣልተው ሽምግልና ተቀምጠዋል፤ አባቴን ሊወስዱ ነው የመጡት። ሽምግልና የአባቴ የሕይወት ደስታ ነው። መሐል ይቀመጣሉ፣ መጨረሻ ይናገራሉ፣ የተናገሩት ይጸናል። የመጡትም ያንን የሚወዱትን ቃል ይዘው ነው የመጡት። «ያለ አንቱ አይሆንም ተብሏል።»

አባቴ በረንዳው ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ። «ዛሬ አልችልም» አሉ። «ባለቤቴን የማገላብጥበት ሰዓት ነው።»

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላው ዙሪያውን አየ፤ ሴትዮዋ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፣ እኔ አጠገቧ ነኝ። «ሴት ጠፋ እንዴ እቤቱ ውስጥ?»

የአባቴ ጆሮ ሲቀላ ይታየኝ ነበር። «አልጠፋም» አሉ። «ተራው የኔ ነው።»

ሰዎቹ ተያዩና ሄዱ። አባቴ ገቡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ እናቴን ወደ ግራ ጎኗ አዞሯት። ሲወጡ እናቴ በዓይኗ ጠራችኝ።

«ሰው ፊት አሉት?»

«ሦስት ሰው ፊት።»

«እስቲ ምን አሉ? ከራስሽ ሳትጨምሪ።»

ከማስታወሻዬ አነበብኩላት። «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በመጨረሻ «ጽፈሽ ስትጨርሺ ይችን ትራስ አቅኚልኝ» አለች።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ማስታወሻውን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ስድስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ስለ አባቴ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ሰዓት፣ ድርጊት፣ ምስክር። እኔ እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ አላገላበጥኩም። ሴትዮዋ ስታነሣት አይቻለሁ፣ አባቴ ሲያነሡአት አይቻለሁ። ማጣራቱ እንዳይበላሽ ከዳር መቆም አለብኝ ብዬ ነበር። ይህ በሥራዬ ደንብ ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር፣ ያልጻፍኩት። ወንድሜ «እወስዳታለሁ» ያለኝ ቀን ቀለል ብሎኝ ነበር። ሕክምናው እዚያ ይሻላል እያልኩ ለሰው የማወራው እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ጠዋቴን መልሼ ማግኘት ፈልጌ ነበር። ደብረ ታቦር በሉኝ፣ አዲ አርቃይ በሉኝ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ መውጣት ፈልጌ ነበር።

ስቅለት ዕለት አባቴ ቁስቋም ዋሉ። በየሁለት ሰዓቱ ያዞርኳት እኔ ነኝ። ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፤ ወረቀቱን እያየሁ። በሁለተኛው ላይ አሳመምኳት። «ከአባትሽ ትብሻለሽ» አለችኝ። በሆሣዕና ዋዜማ ወደ ነፍስ አባታችን ሄጄ ነበር። የተነጋገርነውን እዚህ አልጽፍም።

ትንሣኤ ሆነ፤ ጾሙም ቀኖናውም አበቃ። ሴትዮዋ የበዓሉ ዕለት ጠዋት ከምሳ በፊት ተሰናብታ ወደ አይከል ሄደች። ስትወጣ አባቴን «አያ፣ ድስቴን አደራ» አለቻቸው።

በማግሥቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 13 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እኔ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ከሳሎን የዱሮው ድምፅ መጣ፣ ጮክ ብሎ።

«ውኃ አምጡልኝ!»

እናቴ አየችኝ። አየኋት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዓቴን ተመለከትኩ። አንድ ደቂቃ ሞላ። ሌላ ሊሞላ ሲል ወንበሩ ተንቋቋ፤ እግራቸው ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ተሰማ፤ የእንስራው ክዳን ተነሣ። አባቴ ጣሳውን ይዘው የጓዳው በር ላይ ቆሙ። አልጠጡም ነበር።

«አመለጠኝ» አሉ።

«ሰማን» አለች እናቴ።

«ትጠጫለሽ?»

«ቅድሚያ ለሽማግሌ» አለች። ሁለቱም ጠጡ።

ይህንን መጻፍ አለመጻፍ አሰብኩ። ጻፍኩት። ለወንድሜም ሳልደብቅ መናገር ነበረብኝ።

ወንድሜ ሐሙስ ገባ፤ መንገዱ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን። መመለሻውን ለሁለት ሰው ይዟል፤ ለእሱና ለእናቴ። ሁለት ቀን አባቴ የሚሠሩትን አየ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁላችንም እናቴ አልጋ ዙሪያ ተቀመጥን።

«አባባ፣ በግልጽ ልጠይቅዎት» አለ። «ይህን ይቀጥሉበታል? ከወር በኋላም፣ ከዓመት በኋላም?»

አባቴ ሽማግሌ ሆነው ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ጢማቸውን ያዙ። «አላውቅም» አሉ። «ትናንት አድርጌዋለሁ። ዛሬም አድርጌዋለሁ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ጮኼ ውኃ ጠይቄአለሁ፤ እኅትህ ጽፋዋለች። ከዚህ በላይ ብናገር ውሸት ይሆናል።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ያየሁትን ነገርኩት። ስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ እንዳመለጣቸው፣ ሽሮው አሁን እንደማይጓጉል። ከዚያ የራሴን ጨመርኩ። ለሦስት ወር ከከተማ ውጪ እንዳልመደብ አዘጋጄን ጠይቄ መስማማቱን፣ የፒያሳውን ቤት ለቅቄ ወደዚህ እንደምገባ፣ ሌሊቱን ከአባቴ ጋር ተራ እንደምንይዝ። እናም እናቴ እንድትሄድ የፈለግሁት ስለ እሷ ብቻ ብዬ እንዳልነበረ።



«አውቅ ነበር» አለች እናቴ።

«እንዴት?»

«ዘጋቢ አንቺ ብቻ መሰለሽ?» ግራ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አኖረች። «አሁን እኔን ጠይቁኝ። ሁላችሁም ተናገራችሁ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።»

ወንድሜ ጠየቃት።

«እዚሁ ነኝ» አለች። «ቢጥሉኝም ቤቴ ይጣሉኝ።»

«አልጥልሽም» አሉ አባቴ።

«አያውቁትም» አለች።

«እውነት ነው፤ አላውቅም።»

እሑድ ዕቃዬን በሁለት ዙር አመጣሁ። ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ወንድሜን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘሁት። በሩ ላይ ለሠራተኞቹ የእናቴን የጉዞ ወረቀት አሳያቸውና መንገደኛዋ እንዳልመጣች ነገራቸው። አውሮፕላኑ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ተነሣ። ለሁለት ሰው ቦታ ተይዞ የሄደው አንድ ሰው ነው።